ሽማግሌ የላክሁበት ቤት

ቢቸና ላይ ያን ቤት ስገዛ ተከራይ እንዳለበት አውቅ ነበር። ኪራዩ በዛሬ ገበያ ቀልድ ነው። ሴትዮዋ የፈረሰውን ጓዳ በራሷ ወጪ ስላሠራች ሟቹ የቤቱ ባለቤት ረጅም ውል ፈርሞላታል። እኔ ሞጣ ተቀምጬ በቀላሉ የማስወጣት መስሎኝ ነበር። ያማከርሁት ጠበቃ ግን ሳቀብኝ። «ቤቱን ስትገዛ ውሉንም አብረህ ገዝተሃል» አለኝ። በስልክ ስለምናትም ሴትዮዋ «ውሌ ሲያልቅ እወጣለሁ» አለችኝ። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ቁርስ ቤት ከፍታለች፤ ከኋላው ከልጇ ጋር ትኖራለች።

ተናደድሁ። ሕግ ካልረዳኝ ሽማግሌ እልካለሁ አልሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት አዛውንቶች ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ገባን። መልኬን አታውቀውም። «ግቡ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለች። ትልቁ ሽማግሌ እንደ ልማዳቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

የሴትዮዋ ፊት በራ። ልጇ ጤና ጣቢያ ሥራ ከያዘች ገና ዓመቷ ነው። ልጅቷ እኛን ስታይ አንገቷን ደፍታ ጓዳ ገባች፤ መጋረጃውንም ሳበችው። እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ «ወንድሜ ይጠራልኝ፤ ያለ እሱ ቃል አልሰጥም» ብላ ጎረቤቷን ላከች። ወዲያው ደጁ በሰው ሞላ። እኔን የሙሽራው ወንድም አድርጋኝ ኖሮ ፈገግ አለችልኝ። ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ እኔ ደደቡ አላሰብሁም ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ አቀረቀሩ። «የለም ልጄ፣ የመጣነው ስለ ቤቱ ነው። የገዛው ይህ ሰው ነው፤ ትልቀቅልኝ ይላል» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማ የነበረው ጉድ ጉድ ማለት ቆመ። ሴትዮዋ «እንግዲያው ተቀመጡ፤ ለዚህ መቆም የለባችሁም» አለች። ምሳ አቀረበችልን፤ እኔንም ብላ አለችኝ። ቤቱን ግን አልለቅም አለች። ሽማግሌዎቹ እውነት አላት ብለው መርቀዋት ወጡ።

በሳምንቱ ሞጣ ድረስ መጣች። «ሰው ሁሉ ሽማግሌ ከማን ቤት መጣላችሁ ይለናል» አለች። «ልጄ ሥራ መሄድ አፈረች። ሰፈር ልንቀይር ነው።» ቁልፉን ዘረጋችልኝ።

ውልዎ የጸና ነው፣ ይመለሱ ልላት ይገባ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጄ ቀደመና ቁልፉን ተቀበለ።