የቀለህ መላጊያ ልገዛ ሄጄ

ለቅዳሜ ውድድር ያዘጋጀሁትን ቀለህ በሙሉ ዛሬ በገዛ እጄ አበላሸሁት።

ለማታውቁት፦ የተተኮሰ ቀለህ አልጥልም፤ ራሴ ባሩድና እርሳስ መልሼ ሞልቼ (ሪሎድ አድርጌ) ኢላማ እተኩስበታለሁ። ጥይቱ እንዳይስት የቀለሁ አንገት፣ እርሳሱ የሚገባበት ጫፉ፣ ዙሪያውን እኩል መሳሳት አለበት። ለዚህ የሚሆን መላጊያ ልገዛ ሊትልተን ከተማ ወዳለ የመሣሪያ ሱቅ ሄድኩ።

ጥፋቴ ጋሽ ታፈሰን ይዤ መሄዴ ነው። የድሮ ወታደር ናቸው። ቤተክርስቲያን ሳጫውታቸው «የመሣሪያ ነገር ያለ እኔ?» አሉ። እምቢ ይባላል?

(በዘመናቸው ጠመንጃ ተሸክመዋል። ቀለሁን ግን ተኩሰው፣ ጥለውት ነው የሄዱት።)

ሻጩ ለእኔ ቀለህ ልክ የሆነች ትንሽ የእጅ መላጊያ አወጣልኝ። የፈለግኩትም እሷን ነበር።

ጋሽ ታፈሰ በድሪል የሚዞረውን ትልቁን አነሱ። «ያቺ የልጅ መጫወቻ ናት። ወንድ ልጅ ይሄን ነው የሚይዝ!»

ሻጩ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ትልቁን ገዛሁ።

ቻምበርስ ሮድ ላይ ካለው ቤቴ ገብቼ ሞከርኩት። አንገቱን ባንድ ወገን እንደ ወረቀት አሳሳው፣ በሌላው ወገን ጭራሽ አልነካውም። ሳስተካክል ሳስተካክል ቀለሁ አለቀ።

አሁን ደወሉ። «እህ፣ አላልኩህም?»

«አሪፍ ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«በል እንግዲህ፣ ቅዳሜ ስትተኩስ መጥቼ አይሃለሁ።»

እናንተስ፣ ትልቅ ሰው እንዳይከፋው ብላችሁ ምን ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ሳትፈሩ ጻፉ። ጋሼ ፌስቡክ የላቸውም።