አባባ «ኖር» የሚሉት ሰው

አያታችን አባባ ቤዝቦል የለመዱት ቶሮንቶ ከመጡ በኋላ ነው። ሪጀንት ፓርክ ባለው ቤታችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው አንድ ኳስ ወርዋሪ ብቻ ይከታተሉ ነበር። አንዱን ዓመት ከተማው በሙሉ ሲያጨበጭብለት ከረመ። በሚቀጥለው ክንዱን አመመው፤ ተጋጣሚዎቹ የሚወረውረውን ኳስ እየመቱበት አሠልጣኙ ሲያስወጣው ሕዝቡ ይጮኽበት ጀመር። አባባ ግን ያን ጊዜ ከዘራቸውን ተደግፈው ይነሡና «ኖር!» ይሉታል።

«በእግዜር!» ይላል ወንድሜ በወርዋሪው ፈንታ እየሳቀ። «አባባ፣ ተሸንፎ እኮ ነው የሚወጣው!»

«ሲያሸንፍማ ስታዲየሙ ሁሉ ይነሣለታል፤ የእኔ መነሣት ምን ያደርግለታል?»

ዩኒቨርሲቲ ፈተና የወደቅሁ ዕለት፣ ትምህርቱን ልተወው ወስኜ ለቤተሰቡ ተናገርኩና አንገቴን ደፋሁ። ከዘራቸው ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ቀና ስል አባባ ቆመዋል።

«ኖር፣ ልጄ።»

ሁላችንም የምንነሣላቸው ሽማግሌ ለእኔ ተነሡ! ከመደነቄ ብዛት መልሱ ከአፌ አልወጣም። በማግስቱ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

አባባ ካረፉ ወዲህ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ የለም። ትናንት ያ ወርዋሪ እንደገና ተመትቶበት ወጣ። ወንድሜ ብድግ አለ፤ አልሳቀም። «ኖር!» አለ።

እኔም ወደ ባዶው ወንበር ዞሬ «በእግዜር» አልኩ።