ዓረብ ሙክት አይበላም

ጉድ የሠራን ነጋዴ መልኩ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ሸበቶ፣ ጨዋ፣ ሰላምታው የሚያጠግብ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ነው የሚጎዳ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ!

ነገሩ የጀመረው በሬዲዮ ነው። አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈውታል፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ከዓረብ አገር ጋር የበግ ንግድ ስምምነት ተፈረመ ተባለ። የግብርና ሠራተኛው መንደራችን ድረስ መጥቶ፣ "ለአረፋ በግ አድልቡ! መርከቡ እየጠበቀ ነው!" ብሎ ሰበከን። ምን ዓይነት በግ እንደሚፈለግ አልነገረንም። እኛም አልጠየቅን።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እማዬ ሐሳቧ አንድ ነበር፤ በጎቹ በዓረብ ዋጋ ከተሸጡ መካነ ሰላም ከተማ ቤት ትከራይልኝና ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ። ካልተሸጡ ግን፣ አክስቴ ከዓረብ አገር የላከችልኝ ቪዛ አለ፤ ሄጄ ሰው ቤት እሠራለሁ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን አናነሳውም።

በእኛ ዘንድ በግ ማድለብ ማለት ሙክት ማድረግ ነው። አውራ በግ ሴት ሲያባርር ይውላል እንጂ ስብ አይዝም፤ ሥጋውም ይከረፋል። እማዬ ጎረቤታችንን ጠርታ ስድስቱንም አስኮላሸቻቸው። "ለሰው አገር ሰው አውራ በግ ይላካል እንዴ? ነውር ነው!" አለች። ከዚያ ወዲያ ገብስና ባቄላ ቀቅላ፣ ጨው ጣል እያደረገች ታበላቸው ጀመር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላታቸውን በእጄ እየመዘንኩ፣ "ይሄ ሒሳብ ነው፣ ይሄ እንግሊዝኛ" እላቸዋለሁ። "ዝም በይ፣ ዓይን ታስገቢባቸዋለሽ!" ትለኛለች።

ነጋዴው አረፋ ሲቃረብ ከደሴ መጣ፤ በስምምነቱ መሠረት ገዥው እሱ ነው ተባለ። ቤታችን ገብቶ እርጎ ጠጣ፤ ለአባቴ ዱዓ አደረገ። ከዚያ በረት ገባና አንዱን በግ ከኋላ ዳብሶ እጁን አራገፈ።

"እናቴ፣ ይሄማ ሙክት ነው።"

"አዎና! ምን ሊሆን ኖሯል?"

"ዓረብ ሙክት አይበላም። ስምምነቱ ላይ ተጽፏል።"

እማዬ ቀልድ መስሏት ሳቀች። "ሸሆቻችን ሙክት ለኡድሂያ፣ ለአረፋው እርድ ይሆናል ነው የሚሉን። ዓረብ ከሸሆቹ በልጦ ሊሰልም ነው?"

"ምን ላድርግ፣ እናቴ? መንግሥትና መንግሥት የተፈራረመው ነው።"

የግብርና ሠራተኛው አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። 

ጊዜው የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ነው፤ ገበያ ብናወጣቸው ሥጋ የሚገዛ የለም። ሙስሊሙም ያንን ሬዲዮ ሰምቶ ሁሉም አድልቧል። ነጋዴው ይህን አሳምሮ ያውቃል። "እንግዲህ ለእርስዎ ብዬ ልውሰዳቸው፤ ለፋሲካ አዲስ አበባ ይሸጡልኝ ይሆናል" ብሎ በግልገል ዋጋ ጭኗቸው ሄደ። እማዬ መረቀችው። ወላሂ፣ ደጅ ድረስ ሸኝታ መረቀችው!

ክረምቱ ሳይወጣ ፓስፖርቴ ላይ ዕድሜዬ ጥቂት ዓመት ተጨምሮበት ዓረብ አገር ሄድኩ።

እማዬ ድምጿን በካሴት እየቀዳች ትልክልኝ ነበር። ከሰላምታው ቀጥሎ ያው ነው፤ "እኔ ነኝ ያስኮላሸኋቸው፤ እኔ ነኝ ከትምህርትሽ ያስቀረሁሽ። አፉ በይኝ፣ ልጄ።" እኔም በመልሱ ካሴት አፉ እላታለሁ፤ በሚቀጥለው ደግሞ ትጠይቀኛለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ የምሠራበት ቤት ለአረፋ በግ መጣ። ጸጉሩን፣ ያንን አጭር ወፍራም ላቱን ሳይ የአገሬ በግ ነው! ሮጬ ያዝኩት። እጄ በልማዱ ወደ ኋላው ሄደ። ሙክት ነው። ያመጣው ሱዳናዊ ሾፌር ነበርና ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት።

"ከእናንተው አገር ነዋ!"

"እዚህ ሙክት አይበላም ተብሎ ስምምነቱ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?"

"ማን አለሽ? በየዓመቱ ከመርከብ የምናራግፈው ምን ሆነና! ስምምነቱ የጤና ወረቀት ይጠይቃል፤ ሌላ ምን አገባው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ያ ሸበቶ ነጋዴ አታሎናል ማለት ነው። እርጎአችንን ጠጥቶ፣ ለአባቴ ዱዓ አድርጎ! መንደራችን ውስጥ ያንን ስምምነት በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ ነጋዴው ያሻውን ቢያነብልን ማን ይመልስለታል? ያ የግብርና ሠራተኛስ፣ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላው ለማን ነው? አላህ ይይላቸው። የዚያን ቀን የበጉን ሥጋ አጥቤ፣ ላቱን ከትፌ፣ ቀቅዬ አቀረብኩ።

በካሴት አልነገርኳትም። ካሴት ሲደርስ ሰፈሩ ተሰብስቦ ነው የሚሰማው፤ ጎረቤት ፊት መሞኘቷን እንድትሰማ አልፈለግኩም። ኮንትራቴን ጨርሼ አገሬ ስገባ ግን፣ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳትና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት።

ነጋዴውን ትረግማለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ስሙንም አላነሳችም። አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘችና፣ "እንግዲያ እኔ አይደለሁማ?" አለችኝ።

"አይደለሽም፣ እማዬ።"

"ያሰደድኩሽ እኔ አይደለሁማ?"

ሰው ሊጠይቀን እየገባ ነበር። እሷ ግን ክንዴን ይዛ መልሳ መላልሳ ጠየቀችኝ፤ እኔም አይደለሽም አልኳት።