ፀዳ ላይ ያሸግሁት ሱቅ

በጎንደር ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት የሸማቾችን አቤቱታ የምቀበለው እኔ ነኝ። አብዛኛው ሚዛን ያጎደለ ሥጋ ሻጭ፣ ቀኑ ያለፈበት ዘይት፣ ውሃ የተጨመረበት ወተት ነው። ለሁሉም መድኃኒታችን አንድ ነው፤ እናሽጋለን። በበሩ መጋጠሚያ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንለጥፋለን፤ ባለቤቱ በማግሥቱ እየሮጠ ይመጣል።

አንድ ቀን አንዲት ሴት አባቷን እየመራች ገባች። አባቷ የድጓ መምህር ናቸው። ተማሪ በፊታቸው ያዜማል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ሲሳሳት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ። ጆሯቸው እየደከመ ሲሄድ ልጅቱ በስልኳ ከአንድ ትልቅ የውጭ መደብር የመስሚያ መሣሪያ አዘዘችላቸው። የመጣው ግን ያፏጫል እንጂ አያሰማም።

“ለመደብሩ ጽፌ ነበር፤ የሚመልስልኝ ሰው ይሁን ማሽን እንጃ” አለችኝ። “ተማሪዎቹ ነቅተውባቸዋል። መምህሩ ካልሰማ ማን ይቀመጣል፣ እህቴ? አባቴ ወንበራቸውን ካጡ ይሞቱብኛል።”

መምህሩ ይህን አልሰሙም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የግብር ማስታወቂያ እያነበቡ ነበር።

መደብሩ እዚህ አገር ፈቃድ የለውም፤ ወኪልም አድራሻም የለውም። ለክልል ጻፍሁ፤ ክልል ለፌዴራል ጻፈ፤ ከፌዴራል የመጣው መልስ “መመሪያ እየተዘጋጀለት ነው” ይላል። ሕጉን ጠቅሼ ለመደብሩ ራሱ በኢሜይል ጻፍሁ። ስለ ደንበኝነቴ አመስግኖ ለአገልግሎቱ ኮከብ እንድሰጠው ጠየቀኝ።

አለቃዬ ሳቁ። “አንቺ ልጅ፣ በሩን አሳዪኝና አሁኑኑ ላሽገው! በር ከሌለው ወረቀቱን ሰማይ ላይ ልንለጥፈው ነው?” ቆየት ብለው ግን “እቃውን ያስረከባቸው ማን ነው?” አሉ።

ያስረከበቻቸው ከከተማው ዳር፣ ፀዳ ላይ ደብተር የምትሸጥና ፎቶ ኮፒ የምታነሳ ሴት ነበረች። ፈቃዷ የጽሕፈት መሣሪያ ነው፤ የሌላ ሰው እቃ ማስረከብን አይጨምርም። ከፈቃድ ውጭ መሥራት ደግሞ ያሳሽጋል። ጥፋተኛዋ እሷ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ግን በር ነበራት።

ከአንድ ፖሊስ ጋር ሄድሁ። ሰዉ ወዲያው ከበበን። ብዙ ዓይን ሲያየኝ ፊቴ ይግላል፤ ቶሎ ጨርሼ መሄድ ብቻ ነው የምፈልገው።

“ምነው እቴ?” አለች ሴትዮዋ። “እኔ ተቀብዬ የማቀብል ነኝ። የሸጠውን ሂጂና ያዢው እንጂ!”

“እሱንማ ባሕር በዋና ተሻግራ ታምጣው!” አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

ሴትዮዋ ስልኳን ወደ ፊቴ አስጠጋች። “እባክሽ ይችን መልእክት አንድ ጊዜ አንብቢያት፤ የሚመጣ የሰው እቃ...”

“አቤቱታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ” አልሁ። ስልኩን አላየሁም። ወረቀቱን አጣምሜ ለጠፍሁት።

በሳምንቱ የመምህሩ ልጅ መጣች። ስልኳን ከፍታ ሁለት መልእክት አሳየችኝ። የመጀመሪያው መደብሩ አቤቱታዋን መቀበሉንና ምትክ መሣሪያ ወደ ፀዳው ሱቅ መላኩን ይናገራል። ቀኑን አየሁት፤ ሱቁን ካሸግሁበት ቀን በፊት ነው። ሁለተኛው ወደ እኔ በመጣችበት ዕለት ጠዋት የደረሳት ነው፤ ማስረከቢያው ተዘግቶ ስለተገኘ እቃው ተመልሷል፤ ትእዛዙም ተዘግቷል፤ ከእንግዲህ በአካባቢዎ አገልግሎት አንሰጥም ይላል።

“ሱቁን ማን ዘጋው?” አለች።

“እኔ ነኝ።”

ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። “እኔ እኮ አሽጊልኝ አላልሁሽም” አለች።

አለቃዬን ለምኜ እሽጉ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። መደብሩ ግን ሴትዮዋን ከአስረካቢዎቹ ዝርዝር አውጥቷታል፤ ከእሷም ጋር ጎንደርን። ደጋግሜ ጻፍሁ። እንደገና ኮከብ እንድሰጥ ተጠየቅሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መምህሩ ቤት ሄድሁ። የቀሩት ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ ሌሎቹ እንፍራንዝ ወዳለ መምህር እንደሄዱ ልጅቱ ደጅ ላይ ነገረችኝ። አንደኛው እያዜመ ነበር። መሀል ላይ አንድ ነገር ዘለለ መሰለኝ፤ ጓደኛው ቀና ብሎ አየውና አንገቱን ደፋ። መቋሚያው አልተነሣም። “ሸጋ፣ ሸጋ” አሉ መምህሩ።

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። በሕይወቴ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። “የኔታ!” ብዬ ጮህሁ። “መሣሪያው አይመጣም! ያስቀረሁት እኔ ነኝ!”

ተማሪዎቹ ዞረው አዩኝ። መምህሩ ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። “ምን አለች?”

ልጅቱ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። “ከንግድ ቢሮ ናት፣ አባ። መሣሪያው አይመጣም ነው የምትል።”

“እግዜር ይስጣት” አሉ። “ይህን ለመንገር ነው እስከዚህ የመጣችው?” እጄን ፈልገው ያዙት፤ ተማሪውንም “ቀጥል” አሉት።

ሁለተኛ መጮህ አልቻልሁም።