ውሃ የጠጣ ታንኳ

ሀውራ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ በሠራችባቸው አምስት ዓመታት ከሁሉ አብልጣ የገረመቻት አንዲት ጥንቸል ናት። የቤቱ ሕፃን ቴሌቪዥን ላይ የካርቱን ፊልም እያየ ሪሞቱን ሲነካካ ፊልሙ ቆመ፤ ስትሮጥ የነበረችው ጥንቸልም ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሀውራ የመስተዋት መወልወያዋን እንደያዘች ጠጋ ብላ ቆጠረች። ጥንቸሏ ስድስት እግር አላት። ሕፃኑ ፊልሙን ሲያስኬደው ተመልሳ ባለ አራት እግር ሆነች።

“ያ አላህ! ሁለቱን የት አደረሰቻቸው?” አለች ለራሷ።

በ2010 ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ተስፋ በተስፋ በሆነበት ሰሞን ሐይቅ ከተማ እናቷ ቤት ተመለሰች። አብረዋት ከተመለሱት ሴቶች ገሚሶቹ ሱቅ ከፈቱ፤ ገሚሶቹ ዓመት ሳይሞላቸው መልሰው ሄዱ። እሷ ጨርቅ እየነገደች ከረመች። ደሴ ላይ አንዲት ትንሽ ማሠልጠኛ አኒሜሽን፣ ሥዕልን እያንቀሳቀሱ ፊልም መሥራት፣ ታስተምራለች ሲባል ሰምታ፣ ያቺ ጥንቸል ትዝ ብላት ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መመላለስ የጀመረችው በ2013 ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ ትልቋ እሷ ነች።

አስተማሪዋ ጸዳለ አሥር መልመጃዎች ነበሯት፤ አንዱን ሳያልፉ ወደሚቀጥለው አይኬድም። የመጀመሪያው የምትነጥር ኳስ ናት። ኳሷ አናት ላይ ስትደርስ ሥዕሎቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ቁልቁል ስትወርድ ይራራቃሉ፤ መሬቱን ስትነካ ጠፍጠፍ ትላለች። ሀውራ የልጆች ኳስ ገዝታ ግቢ ውስጥ ግማሽ ቀን ስታነጥር ዋለች። ከኳሷ ቀጥሎ የሚወዛወዝ ገመድ መጣ፤ ከዚያ ዱቄት የሞላ ጆንያ፤ እጅም ራስም ሳይኖረው የሚያዝንና የሚኮራ ጆንያ። እናቷ ዑምኩልሱም የጆንያውን ኩርፊያ ስልኳ ላይ አይተው በሳቅ ፈረሱ።

“ይሄማ ሙአዊያ ነው! ሲያኮርፍ ቁርጥ እንዲህ ነው ወላሂ!”

ሙአዊያ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ዛሬም ጅዳ ነው ያለው።

ሰው መሳል ላይ ስትደርስ ግን ዑምኩልሱም ቅር አላቸው። “ነፍስ ያለው ነገር ስትስዪ ልቤ ይፈራል፣ ልጄ። የግድ ካልሽ ፊት አታድርጊለት” አሏት። ለእናቷ ስትል ፊቱን ተወችው። ፊት ከሌለ ደግሞ ድካሙም ደስታውም በትከሻና በጀርባ ሊነገር ነው። ስለዚህ አስፋልት ዳር ቆማ የሰው አካሄድ ማጥናት ያዘች። ከግሸን ማርያም የሚመለሱት ሰዎች ከአውቶቡስ ሲወርዱ በየትኛው እግራቸው እንደሚያነክሱ፣ ነጋዴዋ ከባጃጅ ጆንያ ስታወርድ ትንፋሿን መቼ እንደምትይዝ ትቆጥራለች።

“ይቺ ልጅ ምን ጠፍቶባት ነው ሰው እግር ሥር የምትፈልግ?” ይሉ ነበር የሚያውቋት።

ዘጠኙን አለፈች። አሥረኛው መልመጃ “ክብደት” ይባላል፤ አንድ ሰው ሥራ ላይ፣ ከከባድ ነገር ጋር። እሱን ያለፈ፣ ለሕፃናት የትምህርት ፊልም ከሚሠራው የጸዳለ ቡድን ጋር ደሴ ላይ ይቀጠራል። ሙአዊያ በበኩሉ ወደ ጅዳ መመለሻ ቪዛ አዘጋጅቶላት ደወለ።

“እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካለፍሽ ቅሪ። ካላለፍሽ ትመጫለሽ። ቃል?”

“ቃል።”

ታንኳ እየቀዘፈ ወደ ዳር የሚመለስ ዓሣ አጥማጅ ሠርታ ላከች። ጸዳለ መለሰችው፤ “ሰውዬው አይከብድም” ብላ። ሀውራ የሰውዬውን ጀርባ አጎበጠች፣ ክንዱን አዘገየች፣ እንደገና ላከች። አሁንም ተመለሰ። “ምን እንደጎደለው እኔም አላውቀውም፤ የደሴ ሰው ነኝ። ውሃ ዳር ያደግሽው አንቺ ነሽ፤ ሂጂና እዪው።”

ሳታይ ጦርነቱ ደረሰ። በ2014 ጥቅምት ሊያልቅ ሲል መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ፤ የደሴ መንገድ ተዘጋ። መሄድ የቻለ ሄደ። የዑምኩልሱም ጉልበት ከደጃፍ አያሳልፍምና እናትና ልጅ ቀሩ። ሀውራ የሞተ ስልኳን ሣጥን ውስጥ ከትታ የተማሪ ደብተር አወጣች። በየቅጠሉ ጥግ ላይ ቀዛፊውን ትስላለች፤ ቅጠሎቹን በአውራ ጣቷ ስትለቃቸው ሰውዬው ይቀዝፋል። ከሩቅ መድፍ ሲያጓራ እናቷ ዱዓ ያደርጋሉ፤ እሷ በላጲስ ታጠፋለች፣ መልሳ ትስላለች። ሰውዬው አሁንም አልከበደም።

ገበያው ስለቆመ ዓሣ ፍለጋ ወደ ሐይቁ የወረደችው አንድ ጠዋት ነው። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ኑርዬ መረቡን ሲያሰናዳ ደረሰች። ደብተሩን ብታሳየው በሻካራ ጣቱ ሦስት ጊዜ አገላበጠው።

“ይሄ ሰውዬ እየገባ ነው እየወጣ?”

“እየወጣ ነው፣ ጋሼ። አጥምዶ መመለሱ ነው።”

“ውሸትሽን ነው! ይሄ አሁን ከቤቱ የመጣ ነው። ቁርሱም ከሆዱ አልወረደ።”

“በምን አወቁ?”

“ታንኳው ደረቅ ነዋ! አንቺ የሐይቅ ልጅ ነኝ ትያለሽ? ጅዳ ዓሣ በፍሪጅ ስታዪ ጊዜ ረሳሽው።” ከዛፉ ጋር ቀጥ ብሎ የተደገፈውን፣ ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ሣር የታሰረውን ታንኳ አሳያት። “እስቲ አንሺው።”

አንዱን ጫፍ ይዛ ብድግ ስታደርገው ያለ ችግር ተነሣላት። ኑርዬ ታንኳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደና ገባ። እሷ ዳር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ኑርዬ ሲገባ ታንኳው ከውሃው በላይ ጉብ ብሎ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሲመለስ ግን ታንኳው ስንዝር ያህል ሰምጧል፤ ኑርዬ ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። መቅዘፊያውን ይስባል፤ ታንኳው ዝም ይላል፤ ከዚያ እያመነታ ይከተለዋል። እሷ ስትስል መቅዘፊያውንና ታንኳውን እኩል ነበር ያስነሳቻቸው።

“አሁን አንሺው!”

ጎተተችው። እግሯ ጭቃው ውስጥ ገባ እንጂ ታንኳው ንቅንቅ አላለም።

“ደንገል ይጠጣል፣ ልጄ። ሲገባ እኔ እሸከመዋለሁ፤ ሲወጣ ለሁለት ነው። ለዚህ ነው አቁመን የምናደርቀው።”

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ሀውራ ከልቧ የሳቀችው ያኔ ነው። “አንድ ጊዜ ይመለሱልኝና ደግመው ይምጡ፣ ጋሼ! ስንት ጊዜ እንደሚያመነታ ልቁጠር።”

“ዓሣው በፀሐይ ሊገማ ነው፣ አንቺ!” አለና ተመለሰላት።

ሌላ ደብተር ጀመረች። የሰውዬውን ጀርባ አልነካችውም። ታንኳውን ስንዝር አሰመጠችው፤ በመቅዘፊያው መሳብና በታንኳው መሄድ መካከል አራት ቅጠል ጨመረች።

ኅዳር ሲያልቅ መንገዱ ተከፈተ። ኔትወርክ እስኪመለስ ታኅሣሥ ተጋመሰ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስታ፣ እንደ ፊልም አያይዛ ለጸዳለ ላከች። ከጸዳለ ድምፅ ጠፋ። ቀድሞ የደወለው ሙአዊያ ነው።

“አልሐምዱሊላህ ተረፋችሁ! ከእንግዲህ ምን መልመጃ አለ? ነይ በቃ።”

“ታኅሣሥ አላለቀም” አለችው።

ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው የጸዳለ መልእክት ገባ። “ሀውራ፣ አለፍሽ። አሁን ከበደ። ግን ልንገርሽ፤ ኮምፒውተሮቹ ተዘርፈዋል፤ ከቡድኑ የተገኘነው አራት ነን። ከመጣሽ ሥራው በደብተር ነው የሚጀመረው።”

ለሙአዊያ ነገረችው።

“ኮምፒውተር የሌለው የኮምፒውተር ሥራ? አብደሻል?”

“አለፍኩ እኮ።”

“እስቲ ያሳለፈሽን ላኪልኝ።”

ላከችለት። ያለችው ስድስት ሰከንድ ናት፤ እሱ ግን መልሶ እስኪደውል ብዙ ቆየ።

“ሰውዬው ደክሞታል” አለ ሙአዊያ በዝግታ። “ፊት የለውም፤ ግን ደክሞታል። በቃ፣ ቪዛውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።” ከዚያ ደግሞ፣ “ዳር ሲደርስ ማን ነው ታንኳውን አብሮ የሚያወጣለት?”

“ገና አልሳልኩትም” አለች ሀውራ። “ሰኞ ደሴ ስገባ ከእሱ ነው የምጀምረው።”