የእናቴ የሱብሂ ውሃ

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ መብራት ከገባላቸው ጥቂት ቤቶች አንዷ የኛ ነበረች። መብራቷን ብሎ አንድ ወጣት መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣና ጓሯችን በርሜል ተከለ። ጣራው ላይ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ ዘረጋ፤ ከአሮጌ ፍሪጅ ያወጣው ሞተር ደግሞ ፀሐይ የመታውን የቆርቆሮውን ሙቀት እየሳበ ወደ በርሜሉ ውሃ ይገፋል።

«ፍሪጅ ከጀርባው ሲሞቅ አላዩም፣ ጋሼ? እሱኑ ነው» አለኝ።

ውሃው በየወቅቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ አስቀድሞ በወረቀት ማስላት ነበር ሐሳቡ። ለዚህም ቴርሞሜትርና ደብተር ሰጠኝ። ፊደልና ቁጥር ከመሠረተ ትምህርት አግኝቻለሁ፤ ሰዓት ግን የለኝም። ስለዚህ በሶላት መዘገብኩት፤ ንጋት ላይ ሱብሂ፣ ቀትር ላይ ዙህር፣ ከሰዓት አስር፣ ጀምበር ስትጠልቅ መግሪብ። ደብተሩን ሲያይ ሳቀብኝ። «ሶላቱ የሚሄደው እኮ በፀሐይዋ ነው» ስለው፣ ጥቂት አሰበና ስሌቱን በኔ ደብተር አስተካከለ። ከዚያ ወዲያ ከአንድ ትሪ በላን።

እኔ የምደክመው ለእናቴ ነበር። ቁርጥማት ጣቶቿን ይዟት የታኅሣሥ ሱብሂ ውዱእ፣ ለሶላት የምትታጠበው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ያስለቅሳታል። እንጨት መቁረጥ ተከልክሎ፣ ያለችን ጭራሮ ለወጥ እንኳ አትበቃም። ሥራው ሲያልቅ በርሜሉ የሷ እንደሚሆን መሐንዲሱ ራሱ ቃል ገባላት፤ እሷም መረቀችው። ሱብሂ ላይ ውሃውን ሳፈስላት «ዛሬስ ስንት ይላል?» ትለኛለች። «አርባ አንድ» እላታለሁ። አንድም ቀን ጨምሬ አልነገርኳትም፤ ጨምሬም አልጻፍኩም።

በርሜሉን ያስወሰደብን ያው ደብተር ነው። አንድ ቀን ከዙህር በኋላ መኪና መጣ፤ በርሜሉ ደብረ ሲና፣ ብርድ ላይ ላለ አንድ ሹም ቤት ይሄዳል ተባለ። ሰዎቹ ሲፈቱት መሐንዲሱ ከጋቢና አልወረደም። ጠጋ ብዬ «ለእናቴ የገባኸውስ ቃል?» አልኩት።

«ሹሞቹን ያሳመናቸው እኮ የእርስዎ ቁጥር ነው፣ ጋሼ። ሊኮሩ ይገባል» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ሹሙ አዞት ይሆናል ብዬ ልተውለት ነበር። ኋላ ሾፌሩ ነገረኝ፤ ማንም አልጠየቀውም፣ በርሜሉን ራሱ ነው ያቀረበላቸው።

መሐንዲሱ ቴርሞሜትሩን ረስቶት ሄደ። በርሜሉ መወሰዱን ለእናቴ አልነገርኳትም። በማግስቱ ሱብሂ ከእንስራው ውሃ ቀድቼ ቴርሞሜትሩን ነከርኩበት፤ አሥራ ስድስት። እናቴ እጇን ዘረጋች።

«ዛሬስ ስንት ይላል?»

«አርባ» አልኳት።

ውሃው ሲነካት ጣቶቿን ሰብሰብ አደረገች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መልሳ ዘረጋቻቸው።

«አልሐምዱሊላህ። አፍስስ፣ ልጄ» አለች።