ዘጠኙ ኩቦች

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ልጄ ሰባት ዓመት ሞልቷት ነበር። ከኮምቦልቻ ደሴ ወስጄ የአእምሮ ፈተና አስፈተንኳት። ፈታኟ ቀይና ነጭ ቀለም የተቀቡ ዘጠኝ የእንጨት ኩቦች ሰጥታ፣ ሥዕል እያየች እንድትገጥማቸው ነገረቻት። ልጄ አንዱንም ሥዕል አልጨረሰችም።

«ልዩ ድጋፍ ያለበት ክፍል ብትገባ ይጠቅማታል» አለችኝ ፈታኟ። «ትምህርት ሳይከፈት አንድ ጊዜ ደግሜ አያታለሁ።»

እኔ ግን የታየኝ ሰፈሩ የሚለው ነበር። ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ሳንጨርስ ወስኜ ነበር።

ጎረቤታችን አናጢ ዘጠኝ ኩብ እንዲቆርጥልኝ ለመንኩት። «ለአይጥ ቤት ልትሠሪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቀለሙን እኔው ቀባሁ። ሥዕሎቹንም እንዳስታወስኳቸው ደብተር ላይ ሣልኩ። በየቀኑ አሱር ከሰገድኩ በኋላ አለማምዳታለሁ፤ ስታማርር ከረሜላ እሰጣታለሁ። ጳጉሜ ሲገባ እጇ ሁሉንም ለምዶት ነበር።

በሁለተኛው ፈተና ቀን ፈታኟ ጠየቀችኝ፦ «እናቴ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተለማምዳለች?»

«አልተለማመደችም» አልኳት። ለሶላት የታጠብኩትን ውዱእ እንኳ አላፈረስኩም ነበር።

ውጤቷ በጣም ከፍ አለ። ፈታኟ ደስ ብሏት፣ ድጋፍ አያስፈልጋትም ብላ ጻፈች። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከውሸቱ ይልቅ ዛሬ ድረስ የሚከብደኝ ያ ምስጋና ነው።

ልጄ ተማሪ ከሞላበት ክፍል ገባች። ኅዳር ላይ አንድ ቀን የመደመር የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስት ፍሬ ባቄላ አስቀመጥኩላት፤ ከጎኑም ሁለት ፍሬ። ረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየቻቸው።

«እማ፣ ይሄንን እኮ አላሳየሽኝም» አለችኝ ቀስ ብላ።

ወቀሳ አልነበረበትም። ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን ደፍታ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም፤ እንዲህ ያለች ልጅ ለሰጠኝ አላህ ምስጋና ይገባው። እኔ ግን ኩብ መግጠም አስተምሬ፣ መደመር የሚያስተምራትን ሰው አስቀርቼባት ነበር።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ ኩቦቹን በፌስታል ቋጠርኩና በመጀመሪያው ሚኒባስ ደሴ ወጣሁ። ፈታኟ ቢሮዋን ስትከፍት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዘጠኙንም ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኳቸው።

«ተለማምዳለች፣ እህቴ» አልኳት። «ያለማመድኳት እኔ ነኝ።»